«ትል፤ ምጽዋ፤ 1966»፦ አንድን የባሕር ኪያር ከጅማ ሆኖ ስለመለየት የተደረገ የጉዳይ ጥናት

በጅማ ከተማ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራው መደርደሪያ የላይኛው እርከን ላይ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ማንም ያልከፈተው አንድ አፈ ሰፊ የመስታወት ጠርሙስ ነበር። በውስጡ 14 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ዐይን የሌለው፣ ራሱ ከጭራው የማይለይ ነገር ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ፈሳሽ፣ በፎርማሊን፣ ተዘፍዝፎ ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ ነጣ ያለ ገመድ መሳይ ነገር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አብሮ ከገባው ወረቀት ላይ የሚነበበው «ትል፤ ምጽዋ፤ 1966» የሚለው ብቻ ነበር። ከዚያ በታች የነበሩት ሁለት መስመሮች ቀለማቸው በፈሳሹ ሟሙቶ ሰማያዊ ጥላ ሆነው ቀርተዋል። በንብረት መዝገቡም ላይ «ትል፣ ወፍራም፣ 1» እና «ትል፣ ቀጭን፣ 1» ተብሎ በሁለት ተራ ቍጥር ሰፍሯል። ከዚህ በታች የምተርከው ይህ ጠርሙስ የያዘውን ለማወቅ ከተማሪዎቼ ጋር የሄድንበትን መንገድ ነው፤ የተሳሳትንበትንም ሳልቀንስ አቀርበዋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ የተማርነው ከስሕተቱ ነው።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ የገመቱት አልቅት ነው። ግምቱ ከአገሩ የመጣ ነው፤ በጅማ ዙሪያ ከብት ወደ ወንዝ የነዳ ልጅ ሁሉ በላሞች አፍና ምላስ ላይ የሚጣበቀውን አልቅት ያውቀዋል። ነገር ግን አልቅት ገላው ከዳር እስከ ዳር በቀለበት የተከፋፈለ ሲሆን በሁለቱ ጫፎቹም መምጠጫ አለው። የእኛ እንስሳ ቀለበት የለውም፤ በምትኩ ገላው በሙሉ በትንንሽ ጕብጕቦች ተሸፍኗል፤ መምጠጫም አልተገኘበትም። ሁለተኛው ግምት ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ የሚል ነበር፤ እሱም የሚሳብበት ጠፍጣፋ እግርና በራሱ ላይ የሚወጡ ቀንዶች ስላልታዩ ብዙ አልዘለቀም። እኔ ግን ከወረቀቱ ላይ «ምጽዋ» የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤ ወደ ባሕር ኪያር አዘንብሎ ነበር።

የባሕር ኪያር ስሙ የአትክልት ቢሆንም እንስሳ ነው፤ የባሕር ኮከብና የባሕር ጃርት የቅርብ ዘመድ ነው። እነዚህ ሁሉ በሳይንስ አጠራር ኤካይኖደርማታ በሚባለው ክፍለ ስፍን ውስጥ ይመደባሉ፤ መለያቸውም አካላቸው በአምስት አምስት መዋቀሩ ነው። በባሕር ኮከብ ላይ አምስቱን ክንዶች ማንም ይቆጥራቸዋል፤ በባሕር ኪያር ላይ ግን አምስትነቱ የተሰወረ ነው። ለተማሪዎቼ ያስረዳሁት በገንቦ ነበር፤ የባሕር ጃርት አፉን ወደ መሬት የደፋ ክብ ገንቦ ቢሆን፣ የባሕር ኪያር ደግሞ ያው ገንቦ ተስቦ ረዝሞ በጎኑ የተጋደመ ነው፤ አፉ ወደ ፊት ሲሆን፣ ከአምስቱ ቁመታዊ ዘርፎች ሦስቱ ወደ ሆዱ፣ ሁለቱ ወደ ጀርባው ይውላሉ።

አንድ ተማሪ ያነሳው ጥያቄ እዚህ ላይ መጠቀስ ይገባዋል። «ከከተማችን ወንዝ ከአዌቱ ተይዞ ቢሆንስ? ወረቀቱ ከሌላ ጠርሙስ የመጣ ቢሆንስ?» አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ በአሮጌ ቤተ ሙከራ ወረቀት ከጠርሙስ ጠርሙስ ይዛወራልና። መልሱ ግን በእንስሳቱ ወገን ባሕርይ ውስጥ አለ፤ ከኤካይኖደርማታ ወገን በጨው አልባ ውኃ የሚኖር አንድም ዝርያ የለም። አዌቱ ወደ ጊልጌል ጊቤ፣ ጊልጌል ጊቤ ወደ ጊቤ፣ ጊቤም ኦሞ ተብሎ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም ወደ የትኛውም ባሕር አይወጣም። ስለዚህ እንስሳው በርግጥ የባሕር ኪያር ሆኖ ከተገኘ፣ ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ ከባሕር ዳርቻ በሰው እጅ ተይዞ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደዚህ ከተማ እንደመጣ ጥርጥር አይኖርም። የቀረው «በርግጥ» የሚለውን ማረጋገጥ ነበር።

የባሕር ኪያር ቆዳ ለስላሳ ቢመስልም ውስጡ በዐይን በማይታዩ የካልሲየም ካርቦኔት ስብርባሪዎች የተሞላ ነው። የዘመዶቹ የባሕር ጃርቶች ቅርፊት በእሱ ዘንድ ወደ እነዚህ ደቃቅ አጥንቶች ተበታትኗል ማለት ይቻላል። ቅርጻቸው እንደ ዝርያው ይለያያል፤ አንዳንዱ አራት ምሰሶ ያለው ጠረጴዛ፣ አንዳንዱ ባለ ቀዳዳ ቍልፍ፣ አንዳንዱ ጽጌረዳ፣ እግር አልባ በሆኑት ወገኖች ደግሞ ቁርጥ የመርከብ መልሕቅ ይመስላል። ባለሙያዎች ዝርያ የሚለዩት በዋናነት በእነዚህ ነው፤ ዘዴውም በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል የቆዳ ቍራጭ በስላይድ ላይ ይቀመጣል፣ ከሱቅ የሚገዛ በረኪና ጠብ ይደረግበታል፣ ሥጋው በደቂቃዎች ውስጥ ይሟሟል፣ አጥንቶቹ ይቀራሉ፣ በውኃ ታጥበው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ሥጋው ሟሟ። በማይክሮስኮፑ የታየው ግን ባዶ መስክ ነበር። ከጀርባው፣ ከሆዱና ከጫፉ ሦስት ቍራጭ ወስደን ደገምነው፤ አሁንም ምንም የለም። ተማሪዎቹ በማስታወሻቸው «ደቃቅ አጥንት የለውም፤ ስለዚህ የባሕር ኪያር አይደለም» ብለው ጻፉ፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ትክክል ምልክት አደረግሁበት። ይህ የእኔ ስሕተት ነው። የማይገኝ ነገር ሁሉ ያልነበረ ነገር እንዳልሆነ ማወቅ የነበረብኝ መምህሩ እኔ ነበርኩ።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ስሕተቱ የተገለጠው በሌላ ትምህርት ምክንያት ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ ለክፍሉ ስለ አሲድ ሲያስተምር አሲድን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ ሊትመስ ወረቀት ተርፎት ስለነበር፣ አንዷ ተማሪ በእኛ ጠርሙስ ፈሳሽ ውስጥ ነከረችው፤ ሰማያዊው ወረቀት ወዲያው ቀላ። ያን ጊዜ ነገሩ ተያያዘልኝ። ፎርማሊን በቆይታ ብዛት ፎርሚክ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲድ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔትን ይበላል። በምጽዋ ጠርሙስ የገባው እንስሳ አጥንቶቹን ይዞ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ግን ሊያቆየው የፈሰሰበት ፈሳሽ ራሱ መለያውን አሟሟው። የባሕር ኪያርን ለጥናት የሚያስቀምጡ ሰዎች 70 በመቶ አልኮልን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ግምታችን በግምት እንዳይቀር ትንሽ ማነጻጸሪያ ሠራን። የእንቍላል ቅርፊትም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ በሙቀጫ ወቅጠን ካላምነው በኋላ ጥቂቱን በበረኪና ውስጥ፣ ጥቂቱን ከጠርሙሱ በቀዳነው ፈሳሽ ውስጥ፣ ጥቂቱን ደግሞ በንጹሕ ውኃ ውስጥ አስቀመጥን። ከሦስት ቀን በኋላ በበረኪናውና በውኃው ውስጥ ያለው ብናኝ ጠርዙ ሹል እንደሆነ ነበር፤ በጠርሙሱ ፈሳሽ ውስጥ ከነበረው አብዛኛው ጠፍቶ የቀረውም ዙሪያው ተበልቶ ነበር። ተማሪዎቹ የቀደመውን መደምደሚያ ሰረዙት፤ እንዲሰርዙት እንጂ እንዲያጠፉት አልፈቀድኩም፤ ገጹ ከነስርዙ እስካሁን አለ።

ከዚህ በኋላ አጥንት ያልነገረንን ሥጋ እንዲነግረን እንስሳውን መክፈት ግድ ሆነ። ፎርማሊን ለዐይንና ለሳንባ ክፉ፣ ካንሰርም አምጪ በመሆኑ፣ ጠርሙሱን ከቤት አውጥተን በበረንዳ ላይ ከፈትነው፤ እንስሳውንም አንድ ቀን ተኩል በተደጋጋሚ በሚቀየር ውኃ ዘፈዘፍነው፤ መቀሱን የያዝኩትም ጓንት አጥልቄ እኔው ነኝ። የሆዱ ወገን የቱ እንደሆነ በእግሮቹ ለየነው፤ በአንደኛው ወገን ጕብጕቦቹ ጫፋቸው ጠፍጣፋ የሆነና የተጠጋጉ ናቸው፤ እነዚህ በውኃ ግፊት የሚረዝሙና የሚያጥሩ፣ እንስሳው ዐለት የሚቆነጥጥባቸው የቱቦ እግሮች ናቸው። ከጀርባው በኩል በቁመቱ ሰነጠቅነውና ቆዳውን እንደ መጽሐፍ ገለጥነው።

በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ በቀጥታ የተዘረጉ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ጥማድ በሁለት የተከፈሉ ነጫጭ የጡንቻ ጥብጣቦች ነበሩ። ቆጠርናቸው። አምስት ናቸው። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ፤ ከዚያም ሁሉም በየተራ እየመጣ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። ትልም፣ አልቅትም፣ ቀንድ አውጣም እንዲህ ያለ አምስት ጥብጣብ የለውም። በአፉ በኩል ደግሞ ወደ ውስጥ የተሸሸገ አክሊል መሳይ ነገር ነበር፤ በጥንቃቄ ስንፈታው ጫፋቸው እንደ ጋሻ የተዘረጋ 20 የመመገቢያ እጆች ሆኑ። ጋሻ መሳይ መሆናቸው ወገኑን አጠበበልን፤ ምግቡን ከውኃ የሚያጠልሉት ወገኖች እጃቸው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበጣጠሰ ነው፤ ጋሻ መሳይ እጅ ያላቸው ግን አሸዋ እየጠረጉ የሚውጡ፣ በአሸዋው ላይ የተጣበቀውን ብስባሽና ደቂቅ ሕይወት ፈጭተው አሸዋውን መልሰው የሚጥሉ ናቸው።

ያልጠበቅነው ነገር ሆዱ ባዶ መሆኑ ነው። አንጀት የለም። በአንድ በኩል እንደ ደረቀ ቍጥቋጦ ቅርንጫፍ ያበዛ ቡናማ አካል ብቻ ቀርቷል፤ እሱ የመተንፈሻ ዛፍ የሚባለው ነው፤ የባሕር ኪያር በፊንጢጣው ውኃ እየሳበና እየተፋ በዚህ ዛፍ ይተነፍሳል፤ ብዙውን ጊዜም ዛፎቹ ሁለት ናቸው። ያን ጊዜ አንድ ልጅ ወደ ጠርሙሱ ሥር አመለከተ። በመዝገብ «ትል፣ ቀጭን» የተባለው ገመድ በሳሕን ላይ ሲዘረጋ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ሆነ፤ ከውስጡም ጥቂት የአሸዋ ቅንጣት ወጣ። የገዛ አንጀቱ ነበር። እነዚህ እንስሳት ሲጨነቁ የሆድ ዕቃቸውን በፊንጢጣቸው በኩል አውጥተው ይጥላሉ፤ በባሕር ውስጥ ቢቀሩ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ያበቅላሉ። ይህኛው ግን ያወጣው ፎርማሊን ውስጥ ሲነከር በነበረበት የመጨረሻ ጊዜው ይመስለኛል። አስቀድሞ ማግኒዥየም ክሎራይድ በተቀላቀለበት የባሕር ውኃ ቢደነዝዝ ኖሮ እጆቹም እንደተዘረጉ፣ አንጀቱም በቦታው እንዳለ በቆየ ነበር። ስለዚህ በመዝገብ ሁለት የነበሩት ትሎች አንድ የባሕር ኪያር ሆኑ።

ዝርያው ግን አልታወቀም። አጥንቱ ሟሟ፣ ቀለሙ በፎርማሊን ተለወጠ፣ ቁመቱ ተኮማተረ፣ ሰብሳቢው የጻፈው መስመር ጠፋ። በዐለት ላይ ነበር ወይስ በአሸዋ? ግማሹ ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ነበር ወይስ በገሃድ ተጋድሞ? ሲነኩት ምን አደረገ? እነዚህ ከእንስሳው ጋር በጠርሙስ ሊገቡ የማይችሉ፣ በዚያች ቀን በምጽዋ ዐለት ላይ ብቻ ሊጻፉ ይችሉ የነበሩ ነገሮች ናቸው።

በዚህ ቆመን ሳለ ጕዳዩ ያልታሰበ መንገድ አገኘ። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት፣ አሁን የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር የሆነ ወጣት ለበዓል ወደ ጅማ መጥቶ ሊጠይቀኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ፤ ጠርሙሱንም አሳየሁት። «ቲቸር፣ እኛ እኮ ጭነት እስኪደርሰን ቀናት እንጠብቃለን፤ ባሕሩ ሲሸሽ ዐለቱ ላይ እሄዳለሁ፤ ምን እንደማይ ብቻ ንገረኝ» አለኝ። ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሚያየውን ዝርዝር አዘጋጁለት።

ቀኑን የመረጥነው በጨረቃ ነው። የባሕር ሙላትና ሽሽት ከፍተኛ የሚሆነው ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ፣ እንዲሁም ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ነው፤ ወጣቱ የሒጅራውን ወር ቀን ሁልጊዜ ስለሚያውቅ፣ ከወሩ 1ኛና 2ኛ፣ ወይም 15ኛና 16ኛ ቀን እንዲወጣ ስንለው ሌላ ሰሌዳ አላስፈለገውም። ሽሽቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እንደሚዘገይ ነገርነው፤ ሰዓቱን ከዳርቻው ዓሣ አስጋሪዎች እንዲጠይቅ፣ ውኃው ገና እየሸሸ ሳለ ገብቶ መመለስ ሲጀምር እንዲወጣ አሳሰብነው። ሶሉ ወፍራም ጫማ ሳያደርግ እንዳይገባ፣ ሾጣጣ ቅርፊት ያላቸውን ቀንድ አውጣዎች በእጁ እንዳያነሳ ከልቤ አስጠነቀቅሁት፤ በዚያ ባሕር ድንጋይ መሳዩ መርዛማ ዓሣም፣ መርዛማው ሾጣጣ ቀንድ አውጣም ይኖራሉና። የባሕር ኪያሩን ራሱን ከውኃ እንዳያወጣ፣ እንዳይጨምቀው፣ የገለበጠውን ድንጋይ እንደነበረ እንዲመልስ፣ ከነካም በኋላ እጁን ሳይታጠብ ዐይኑን እንዳይነካ አልነው፤ ቆዳቸው ዐይንን ክፉኛ የሚያቃጥል ሆሎቱሪን የሚባል መርዝ አለው። ምንም ነገር ይዞልን እንዳይመጣም ተስማማን፤ ፈቃድ የሌለው ናሙና ለትምህርት ቤታችን አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ቪዲዮ በቴሌግራም የደረሰን በጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ካለ፣ ከጕልበት በታች ጥልቀት ካለው የዐለት ኩሬ ነው። በኩሬው ወለል፣ በአሸዋማው ስፍራ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ጥቁር እንስሳ በገሃድ ተጋድሟል፤ ገላው በአሸዋ ተለብጧል። ወጣቱ ያስተዋለው ነገር እኔ በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው ነበር፤ «ቲቸር፣ ጀርባው ላይ በሁለት ረድፍ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል አሸዋ ያልነካው ክብ ቦታ አለ» አለ። ይህ ሆሎቱሪያ አትራ የሚባለው የባሕር ኪያር ዝርያ የታወቀ ምልክት ነው። ከኋላው እንደ ተቆራረጠ ክር የተጠቀለለ የአሸዋ ቆሻሻ ነበር፤ ፊንጢጣው በዝግታ ደጋግሞ ይከፈትና ይዘጋል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ የሚተፋው ውኃ አሸዋውን ያንቀሳቅሰዋል። በውኃው ውስጥ እንዳለ ቆዳውን በአንድ ጣት በቀስታ ሲያሸው ጣቱ ቀላ ያለ ሐምራዊ ቀለም ያዘ፤ ነጭ ክር ግን አልወጣም። ሁለቱም ከአትራ ጋር ይስማማሉ፤ አንዳንድ ዝርያዎች ሲረበሹ የሚተፉት ተጣባቂ ነጭ ክር አትራ የለውም።

ሁለተኛው እንስሳ ከዚያው ኩሬ ጠርዝ ነበር፤ ጥቁር፣ ቀጠን ያለ፣ አሸዋ ያልለበሰ፣ የኋላ ግማሹን በዐለት ስንጥቅ ውስጥ አጽንቶ የፊቱን ግማሽ አርዝሞ ወለሉን በእጆቹ ይጠርጋል። የወጣቱ ጥላ ሲያርፍበት ምንም አልሆነም፤ ውኃው አጠገቡ ሲነቃነቅ ግን ተኮማትሮ ወደ ስንጥቁ ገባ። አኳኋኑ ሆሎቱሪያ ሌውኮስፒሎታ የሚባለውን ይመስላል። ስሙ «ባለ ነጭ ነጠብጣብ» ማለት ቢሆንም በሕይወት ሳለ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ስም ተከትሎ የሚፈልግ ሰው ያልፈዋል። ይህ ዝርያ ሲረበሽ የሚያጣብቁ ነጫጭ ክሮች ይተፋል፤ ያንን ለማየት ማስጨነቅ አስፈላጊ ነበር፤ እኛም እንዳያደርገው አስቀድመን ስለከለከልነው በማስታወሻችን «ሌውኮስፒሎታ ሳይሆን አይቀርም» ብለን ተውነው። የአትራ አጥንቶች ጠረጴዛና ጽጌረዳ፣ የሌውኮስፒሎታ ደግሞ ጠረጴዛና ቍልፍ ስለሆኑ፣ አንድ ቀን ፈቃድ ያለው ሰው ትንሽ ቆዳ ቢመለከት ነገሩ ይቆረጣል።

በሁለተኛው ጕዞው፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ወደዚያው ኩሬ ተመለሰ። በስንጥቁ ያለው በዚያው ስንጥቅ ነበር። በአሸዋው ላይ ግን ከትልቁ ይልቅ ሁለት አጫጭሮች ጎን ለጎን ተጋድመው አገኘ። አትራ ከመሐሉ ለሁለት ተቆርጦ እንደሚራባ ስለነገርኳቸው ተማሪዎቹ ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ «ተከፈለ!» አሉ። ሊሆን ይችላል። ሆኖም ትልቁ ወደ ሌላ ኩሬ ሄዶ፣ ሁለት ሌሎች መጥተው ሊሆንም ይችላል፤ አንዱን ከሌላው የምንለይበት ምልክት አልነበረንም። በቀይ እስክሪብቶ ያደረግሁት ያ ምልክት ትዝ ብሎኝ፣ በዚህ ጊዜ «ሁለት አጫጭር ታዩ» ተብሎ ብቻ እንዲጻፍ አደረግሁ።

የጠርሙሱን እንስሳ አትራ ወይም ሌውኮስፒሎታ ለማለት የሚፈቅድልን ነገር አላገኘንም፤ ፈተናውም ይህ ነበር፤ የቪዲዮው እንስሳ በዐይናችን ሕያው ሆኖ ሳለ ስሙን ለሟቹ ማዋስ ቀላል ነበርና። ፈሳሹን በ70 በመቶ አልኮል ተካነው፤ አሮጌውን ወረቀት ሳንነካው፣ በእርሳስ የተጻፈ ሌላ ወረቀት ጨመርንበት፦ «የባሕር ኪያር፤ ጋሻ መሳይ እጆች 20፤ ዝርያው ያልተለየ፤ ደቃቅ አጥንቱ በአሲድ የጠፋ፤ ምጽዋ፤ 1966 ዓ.ም.»። እርሳስ በአልኮልም በፎርማሊንም አይሟሟም።

የቀረው የንብረት መዝገቡ ነበር። የግምጃ ቤት ኃላፊው ጋሼ፣ ሁለት የነበረው ዕቃ አንድ ሆኖ ሲቀርብላቸው በትክክል ተጨነቁ፤ በቆጠራ ጊዜ የጠፋው ትል የት ሄደ ተብለው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ቤተ ሙከራ ጠርቼ አንጀቱን ከተቆረጠበት ከጕሮሮው ጫፍ አጠገብ አስቀምጬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤ አስይዘው፣ ሁለቱን መስመሮች ሰርዘው፣ በራሳቸው እጅ «የባሕር ኪያር፣ ከነአንጀቱ፣ 1» ብለው ጻፉና ፈረሙ።